ጋሼ፣ ሲጋራውን ውጭ

አናጺው ልጁን ሦስቴ ጠርቷት ዝም ስትለው ደሙ ይፈላ ነበር። «ይቺ ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ጀምራለች!» እያለ ሚስቱን ሲነዘንዛት ከረመ። የአምስት ዓመቷ ሚጡ ግን ወድዳ አልነበረም። ሐኪም ቤት ሲወስዳት የጆሮ ሐኪሟ በትንሽ መብራት ጆሮዋን አየችና ከታምቡሯ ጀርባ ፈሳሽ መጠራቀሙን ነገረችው።

«ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ?»

«እኔ አለሁ። ግን መስኮት ከፍቼ ነው» አለ፣ ሊመሰገን የፈለገ ይመስል።

«ጭሱ መስኮት መኖሩን ማን ነገረው? ጭስ ባለበት ቤት የልጆች ጆሮ ቶሎ ይታመማል። ሦስት ወር እንጠብቅ፤ ፈሳሹ ካልጠፋ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል።»

ስንቴ ተቆጥቶ ጥግ እንዳቆማት ትዝ ሲለው አንገቱን ደፋ። የሲጋራ ፓኮውን እዚያው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለው። ቀላል ነበር የሚል ካለ ይዋሻል፤ ሳምንቱን ሙሉ ከመዶሻው ጋር ሳይቀር ሲጣላ ሰነበተ። የባሰው ግን እሁድ መጣ።

ታላቅ ወንድሙ ጋሼ አሳድጎ፣ ሙያ አስተምሮ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው ሰው ነው። አናጺው ፊቱ ቀና ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ጋሼ እንደ ልማዱ ሊጠይቃቸው መጥቶ ሶፋው ላይ ተደላድሎ፣ ሚጡን ከጎኑ አስቀምጦ ክብሪት ጫረ። አናጺው ግን ያን ቀን ተናገረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሲጋራውን ውጭ ያጭሱት።»

«እኔን ነው ከቤትህ የምታስወጣው?»

«ቤቱማ የእርስዎ ነው። ጭሱን ነው የማስወጣው። የልጄ ጆሮ እየተዘጋ ነው።»

ጋሼ ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ፤ ሁለት እሁድም ቀረ። «ዛሬ ባል እንዳለኝ አወቅሁ» አለችው የአናጺው ሚስት ጋሼ የወጣ ዕለት ማታ። በሦስተኛው እሁድ ጋሼ ሲጋራውን ደጅ ጨርሶ፣ ኮቱን እዚያው ሰቅሎ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ገባ። አናጺው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሦስት ወሩ ሞላ። ሚጡ ሐኪሟ ዘንድ የመስማት ምርመራውን ማዳመጫ አጥልቃ ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን ታነሳለች። በግራ፣ በቀኝ፣ ደግሞ በግራ። እጇ በተነሳ ቁጥር የአባቷ ደረት ይነፋል። ሐኪሟ ጆሮዋን ዳግመኛ አይታ «ፈሳሹ ጠፍቷል፤ ቀዶ ሕክምናው ይቅር» አለች።

አናጺው ከኩራቱ ብዛት ኮሪደሩ ጠበበው። ለወራት እንደ ለመደው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሚጡ! ነይ፣ እንሂድ!» አላት።

ልጅቱ ሁለት ጆሮዋን በእጇ ያዘች።

«አባዬ፣ ምን ያስጮህሃል? አጠገብህ እኮ ነኝ!»