የንጉሴ ትከሻ

ባሌ ንጉሴ ለውፍረቱና ለስኳሩ ብሎ ሆዱን በቀዶ ሕክምና ማስቆረጡን እኔና ሐኪሞቹ ብቻ ነን የምናውቀው። መርሳ ከተማ ላለው ጋራዡ ደንበኞች «ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ ከርሜ መጣሁ» አላቸው። መክሳቱን ሲያዩ ደግሞ «ስፖርት ነው» ይላቸዋል። የምን ስፖርት እቴ፤ ከመኪና ሥር ወጥቶ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ሌላ የማያውቅ ሰው። እውነቱ ቢወጣ «አፉን መግታት አቅቶት ሆዱን አስቆረጠ» እንዳይሉት ነው የፈራው።

ቀዶ ሕክምናውስ መቼም አልከዳውም። ስኳሩ ወረደ፣ ሐኪሙ መርፌውን አስተወው፣ ሱሪዎቹ ሁሉ ሰፉት። ሚዛን ላይ በወጣ ቁጥር ደረቱን ይነፋል። ሐኪሙ ግን አስጠንቅቆት ነበር። «ስቡ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ጡንቻህም አብሮ ይሄዳል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ብላ፤ ሰውነትህን አሠራ» ብሎት ነበር።

ሁዳዴ ገባ። የነፍስ አባታችንን ቢጠይቅ ይፈቅዱለት ነበር፤ ለመጠየቅ ግን ቀዶ ሕክምናውን መናገር ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ጾመ። በዚያች ትንሽ ሆድ ሁለት ሦስት ጉርሻ ሽሮ እየቀመሰ ከረመ። ጎማ ማንሳት ሲያቅተው አይቼ ብቆጣው፣ «ሚዛኑን አታዪም?» አለኝ።

በጾሙ መጨረሻ ግድም ግራና ከተማ የሚኖረው አባቴ ሞተ።

ንጉሴ አማች ነውና ቃሬዛውን ከፊት ተሸከመ። የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሳንጋምስ ጉልበቱ ከዳው። ቃሬዛው አጋደለ፣ የአባቴ አስከሬን ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ የቅሬው፣ የእድራችን ሰዎች ደርሰው ባይደግፉት መሬት ላይ ነበር። በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ የቅሬው ዳኛ ጋሼ አዳነ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«ንጉሴ፣ ጠጥተህ ነው?»

ባሌ ጠላ እንኳ አይቀምስም። አንገቱን ደፍቶ፣ «አዎ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው።

እናቴ ሰማች። «ባሌን ሰክሮ የጣለ ሰው ከዚህ ድንኳን ይውጣልኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ንጉሴ ሊነሣ ሞከረ። አግዳሚው ዝቅ ያለ ነበር፤ በሁለት እጁ ተመርኩዞ ብድግ እንዳለ ተመልሶ ቁጭ አለ። አንድ ሰው ሳቀ።

ያቺ ሳቅ ናት ያናገረችኝ። «ንጉሴ አልጠጣም» አልኩ ተነሥቼ። «ስኳር ሊገድለው ሲል ሆዱን አስቆርጦ ነው። ጡንቻው አልቋል። የታዘዘለትን ሳይበላ የከረመው እናንተን አፍሮ ነው።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብብቱን ይዤ አስነሣሁትና ወጣን፤ ቅልል አለኝ።

ከድንኳኑ ጀርባ ስንደርስ ክንዱን ከእጄ አወጣ። እያለቀሰ ነበር።

«ሂሩት» አለኝ፣ «ስካሬን ብትተዪልኝ ምን ነበረበት?»