ፊቱን ወደ ግድግዳ የሰጠው ወንበር

እህቴ የተረሳችው በሾርባ ምክንያት ነው። ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ሾርባው ቀዝቅዟል» አለች። ሌላ ምንም አልወጣትም። ደግሞ አልዋሸችም፤ የዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ሾርባ አንድ ቀን እንኳ ሞቆ ከሆነ ጆሮዬ ይቆረጥ።

እኛ ዘንድ መረሳት ቅጣት ነው። ርዕሰ መምህሯ የጥፋተኛዋን ወንበር በገዛ እጇ ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ የለችም። ስሟ አይጠራም፣ ማንም አያያትም፣ ማንም አያናግራትም፤ ያዞረችው ሴት ራሷ ወንበሩን እስክትመልሰው ድረስ። ሌላ ልጅ ከነካችው ዕቃዋን ሸክፋ ትባረራለች። ርዕሰ መምህሯን «እመት ዝምታ» ነው የምንላት፤ ፊቷ ላይ አንቱ፣ ከኋላዋ እንዲህ።

ቤቱስ ቢሆን! ድንጋዩ ክረምት ከበጋ ያልበዋል፣ የምድር ቤቱ መስኮቶች በጡብ ተደፍነዋል፣ ኮሪደሩ ላይ የገዛ ኮቴሽ ከኋላሽ ይከተልሻል። ምግብ አዳራሹ ጥግ ደግሞ ማንም የማይቀመጥበት አሮጌ ወንበር አለ፣ ፊቱን ለግድግዳ ሰጥቶ። የመንፈስ ነው ይባላል። ምግብ አብሳይዋን ብንጠይቃት፣ ድሮ የነበረችው ርዕሰ መምህር የአንዲት ተማሪን ወንበር አዙራ ሳትመልሰው በድንገት ሞተች አለችን። ለመመለስ የደፈረ አልተገኘም፤ ልጅቷ እንደተረሳች ተምራ ጨረሰች። ከዚያስ የት ሄደች ስንላት፣ የትም አልሄደችም ብላን ወደ ድስቷ ዞረች። እኛም መንፈስ ሆና ቀረች ማለቷ መሰለን።

እህቴ ወሬኛ ነበረች፤ አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ መኝታ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ሳናግራት ትመልስልኝ ነበር። ኋላ ተወች። ጠጉሯን ስጎነጉንላት ሆን ብዬ ሳብ አደረግሁት፤ ያቺ ማበጠሪያ ገና ስታይ የምትጮህ ልጅ ጭጭ። እኔን «እታለም» ማለቷም ቀረ። ፈራሁ። እናታችን አደራ ብላ የሰጠችኝ ልጅ ዓይኔ እያየ እየጠፋችብኝ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ላይ ደሜ ፈላ። የመጣው ይምጣ ብዬ ተነስቼ ወደ እህቴ ወንበር አመራሁ። እመት ዝምታ እንደወትሮዋ ጥጓ ላይ ቆማ ትበላለች። ሳህኗ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ አንድ እጇ ያ አሮጌ ወንበር መደገፊያ ላይ። ተቀምጣ ስትበላ አይተናት አናውቅም፤ ኩራት ነው ብለን እናማት ነበር።

«ያዞረችው እጅ ብቻ ናት የምትመልሰው» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ያዞረችው ብትሞትስ?» አልኳት።

አፌ ነው ያመጣው እንጂ አላሰብኩበትም። ግን ጣቶቿ መደገፊያውን ጭምድድ አድርገው ያዙ። ያኔ ገባኝ። ለካ የትም አልሄደችም የተባለችው እሷ ናት። እንዲያ የምጠላት ሴት አንጀቴን በላችው።

የእህቴን ወንበር ትቼ አሮጌውን ያዝኩ። ክብደቱ! እግሮቹ ወለሉን እየፋቁ ተንቋቁ፤ እንደምንም ጎትቼ ወደ ገበታው አዞርኩት። ዕቃሽን ሸክፊ እስክትለኝ እየጠበቅሁ ሳህኗን ከመስኮቱ አንስቼ ገበታው ላይ አኖርኩላት።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አልኳት።

ወንበሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ቀሚሷን እንደ ትንሽ ልጅ ሰብስባ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከሾርባው አንድ ማንኪያ ቀመሰች። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሁላችንም ጠበቅናት።

«ቀዝቅዟል» አለች።

ከግድግዳው በኩል፣ ከርሞ የተገኘ የሚመስል ቀጭን ድምፅ መጣ። «ብዬ ነበር እኮ። አላልኩም፣ እታለም?»

ብለሻል፣ ብለሻል እህቴ አልኳት እያለቀስኩ። እመት ዝምታ ተነስታ የእህቴን ወንበር በገዛ እጇ ስትመልሰው፣ እህቴ ሳህኗን ወደ እሷ ዘርግታ ይሞቅልኝ አለቻት።