ስንዝር ተኩል

ከመተማ ዮሐንስ እስከ ሸሕዲ ድረስ እንደኔ የሚለካ እጅ ያለው ሰው የለም። ጉራ ነው የሚለኝ ካለ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። አንድ ጨርቅ አሳዩኝ፤ በስንዝሬ ሁለት ጊዜ ብቻ ሄጄበት ስንት ቀሚስ እንደሚወጣው እነግራችኋለሁ። የበራችንን መጋረጃ የለካሁት እኔ ነኝ። አሁን ትንሽ አጥሮ የሰው እግር ያሳያል፣ ግን እሱ ከታጠበ በኋላ ነው። ትምህርቴን አምስተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ። ሜትር የሚባለውን ነገር በደንብ የሚያስተምሩት ስድስተኛ ላይ ይመስለኛል፤ አልደረስኩበትም፣ አልጎደለብኝምም።

እናቴ ባየሽ ግቢያችን ውስጥ አራት ክፍል ታከራያለች። ለአራቱም ተከራይ፣ ለእሷም፣ ለእኔም ያለው ሽንት ቤት አንድ ነው። መቀመጫው የፈረንጅ ነው፤ እንደ ሰካራም ደግሞ ጠጪ ነበር። አንድ ሰው ገብቶ በወጣ ቁጥር ከግማሽ ጄሪካን በላይ ጭልጥ ያደርግና ሌላ የለም ወይ እያለ ሲያጉረመርም ይቆያል። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ከመጣ ጥሩ ነው። በሌላው ቀን ከቦኖ የምገፋው እኔ ነኝ፤ ከምሳ በኋላ፣ ድንጋዩ ራሱ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት፣ በእጅ ጋሪ፣ ስምንት ጄሪካን።

እኔ ደግሞ ከሰዓቴን ለሌላ ነገር ነበር የምፈልገው። ከሽንት ቤቱ ጎን ያለውን ክፍል የተከራየችው እትየ ስመኝ ልብስ ሰፊ ናት። የመኪናዋን ድምፅ ስሰማ እጄን ይበላኛል። "ከሰዓት ከሰዓት ነይ፣ አስተምርሻለሁ" ብላኛለች። እናቴ ግን "ውሃውን ማን ያምጣው?" አለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ በእኔና በስፌት መኪናው መሀል ያ ሽንት ቤት ተቀምጧል።

የካቲት ላይ መቀመጫው ራሱ ገላገለኝ፤ ተሰነጠቀ። ደስ ብሎኛል አልልም፣ እናቴ ትሰማለች። እትየ ስመኝ በዚያው ቀን እናቴን በር ላይ ጠብቃ፣

"ባየሽ፣ ይህ ነገር ካልተሠራ እኔ ሸሕዲ ቤት አይቻለሁ" አለቻት።

እናቴ ጠራችኝ። "አንች፣ ውሃ ቆጣቢ የሚባል መጥቷል አሉ። ሂጅና ምረጭ። በቀን ከሦስት ጄሪካን ካላለፈ ከሰዓትሽ ያንች ነው። ካለፈ ግን የስፌት መኪና ስም በዚህ ቤት እንዳይነሣ።"

የሚተክልልን ጋሼ ጎሹ ነው። ሙያው የትራክተር መካኒክ ነው፤ ሰሊጡ ተሰብስቦ ትራክተር ሲያርፍ እሱ ቧንቧ ይሠራል። "ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው መሀል ስንት እንደሆነ ለክተሽ ለባለሱቁ ንገሪ" አለኝ። "ሌላው ሁሉ በመዶሻም በሲሚንቶም ይታረቃል፤ ይህ ግን አይታረቅም።" ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ዘረጋልኝ።

"ይቀመጥልህ ጋሼ" አልኩት።

ገብቼ በስንዝሬ ለካሁ። ስንዝር ተኩል። ደገምኩት፤ አሁንም ስንዝር ተኩል።

የሐጂ አብዱረሕማን ሱቅ ወደ ሱዳን ከሚያሻግረው ድልድይ በታች ነው። ሐጂ ወዲህና ወዲያ ሲነግዱ ያረጁ፣ ሲቀመጡ ከሥራቸው ወንበር መኖሩ የማይታወቅ ግዙፍ ሰው ናቸው። ሦስት መቀመጫ አሳዩኝ። አንደኛው አበባ የተሳለበት ነው። ደስ ይላል፣ ግን አንዴ ሲለቀቅ አሥራ ሦስት ሊትር ይወስዳል አሉኝ። አበባ ከሆነ ውሃ መጠጣቱ አይቀርም ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛው ክዳኑ አይከደንም። ሦስተኛው ከኋላ ያለው የውሃ ሳጥኑ ላይ ሁለት ቁልፍ አለው። ቁልፍ ካለው ከልብስ ሰፊ ጋር ዝምድና አለው፤ ልቤ እዚያው ቀረ።

"ይህች ሹያ" አሉ ሐጂ ትንሿን ቁልፍ ነካ አድርገው፣ "ይህች ደግሞ ከቲር።"

ሹያ በዐረብኛ ትንሽ ነው፣ ከቲር ብዙ ነው። እኛ አገር ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

"ለትንሹ ጉዳይ ሦስት ሊትር፣ ለትልቁ ስድስት" አሉኝ።

"ሰውየው ቢሳሳትስ?"

"ሰው የሠራውን ያውቃል፣ ልጄ።"

እኔ ግን ያን ሁሉ በስድስት ሊትር ይሄዳል ብዬ ማመን አቃተኝ። "ያሳዩኝ" አልኳቸው። ጓሮ አውጥተው ሁለት ብሎኬት ላይ አስቀመጡት፣ ከሥሩ ሳፋ ደቀኑ፣ የውሃ ሳጥኑን በባልዲ ሞሉት፣ ከቤታቸውም ሰባት ሎሚ አስመጡ። ሎሚዎቹን ጣልኳቸውና ትልቋን ቁልፍ ተጫንኩ። ሰባቱም ተያይዘው ሳፋው ውስጥ ዱብ ዱብ አሉ።

"ስምንተኛ ይጨመር" አልኩ።

"ልጄ፣ ስምንት ሎሚ የሚያወጣ ሰው ሐኪም ቤት ነው የሚሄደው።"

ተስማማን። ከዚያ "ከግድግዳው ስንት ነው?" አሉኝ።

"ስንዝር ተኩል።"

"በሜትር ስንት ይሆናል? ሜትር እዚህ አለ።"

"ሁለቴ ነው የለካሁት ሐጂ። ስንዝር ተኩል ነው።"

ሐጂ በግድ ተንበረከኩና እጃቸውን ከኋላው ጠርዝ ጀምረው እስከ መውጫው ዘረጉት። እጃቸው ላይዳ ያህላል። "ስንዝር..." አሉ፣ "ተኩል። ልክክ ብሏል።" ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ልክክ ብሏል።

"ስንዝር መቼም ስንዝር ነው" አልኳቸው።

"ስንዝር ስንዝር ነው" አሉኝ። ተማምነን ተለያየን።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ጎሹ መጣ። አሮጌው መቀመጫ ሲነቀል አምስት ቦታ ተሰበረ። ቀዳዳውን ሽታም ጊንጥም እንዳይወጣበት በጨርቅ ወተፈው። ከዚያ አዲሱን ተጋግዘን አስገባንና አስቀመጠው። አነሣው፣ ደግሞ አስቀመጠው። ተቀምጦ አየው፣ ተኝቶ አየው። የውሃ ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የታችኛው መውጫ ግን ከቀዳዳው አንድ መዳፍ ያህል ወደ በሩ አልፎ ቀርቷል።

"ስንት ነበር ያልሻቸው?" አለኝ።

"ስንዝር ተኩል።"

"በማን ስንዝር?"

"ስንዝር ደግሞ የማን አለው እንዴ?"

ጋሼ ጎሹ እጄን አነሣና ከራሱ መዳፍ ጋር ገጠመው። ጣቶቼ ከጣቶቹ እኩሌታ ትንሽ አለፍ ብለው ቆሙ። የሐጂ እጅ ደግሞ ከጋሼ ጎሹም ይበልጣል። እሱን ሳስታውስ እጄን ነጥቄ ከኋላዬ ደበቅኩት።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ነበር። "ማስተዋል ብዬ ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ" አለች። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ልቀይር ወደ ሱቁ በረርኩ። ተዘግቷል። ጎረቤታቸው ሐጂ ለሰርግ ወደ ሽንፋ ከተማ እንደሄዱና ከአሥር ቀን በኋላ እንደሚመለሱ ነገረኝ። ስመለስ እትየ ስመኝ ጨርቆቿን በነጠላ እየቋጠረች አገኘኋት። ቀና ብላ፣

"እስከ ነገ ነው የምጠብቅ" አለችኝ።

ጋሼ ጎሹ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ መቀመጫውን ወደ ጎን ማዞር። አዞረውና ልብሱን እንደለበሰ ሊሞክረው ተቀመጠበት። ጉልበቱ ከበሩ ውጭ ግቢው ውስጥ ቀረ። በዚያው ቅጽበት ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረውና እኛ ጋ የተከራየው ለይኩን ሲያልፍ አየው።

"እንዴት ዋልህ ጎሹ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?"

ተጨባበጡ። ለይኩን ስለ ቤተሰቡ ጠይቆት መንገዱን ቀጠለ። ጋሼ ጎሹ ወደኔ ዞረ።

"ሰው መጨበጥ ይቻላል" አለ። "በር መዝጋት ግን አይቻልም።"

መልሶ አዞረው። ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና "ያለው አንድ መንገድ ነው፤ ይህን በስቶ ሳጥኑን ማስገባት" አለ።

"ብሳው እንግዲህ።"

"ከግድግዳው ወዲያ ያለው ማን ነው?"

ከግድግዳው ወዲያ ያለችው እትየ ስመኝ ናት።

ሄድኩ። እንዲህ ቀስ ብዬ የሰው በር አንኳኩቼ አላውቅም።

"እትየ፣ ግድግዳሽን ትንሽ ላስቸግርሽ ነበር።"

"ምን ያህል?"

"አንድ መዳፍ ያህል።"

"በማን መዳፍ?"

ግድግዳው ስስ ነው፤ ለካ ሁሉን ሰምታለች። መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ።

"ወደኔ የሚገባው ምኑ ነው?" አለችኝ።

"የውሃ ሳጥኑ ጀርባ ብቻ ነው። ንጹሕ ውሃ ነው። ሌላው ሁሉ በዚያ በኩል ይቀራል።"

ጨርቅ ማጠፏን ቀጠለች። እኔ ዝም ማለት አልችልበትም፣ ስለዚህ እውነቱን ነገርኳት። "እትየ፣ ይህ ነገር ዛሬ ካልገባ አንች ሸሕዲ ነሽ፣ እኔ ቦኖ ነኝ። ያን መኪና መቼም አልነካውም።"

ቋጠሮዋን አየች፣ መኪናዋን አየች። ከዚያ አንሶላ አወጣችና መኪናዋን አለበሰችው።

"አቧራው ጨርቄ ላይ እንዳያርፍ" አለች። እሺ ማለቷ ነው።

ጋሼ ጎሹ ብሎኬቱን በመሮና በመዶሻ ፈልፍሎ በሳው። ቀዳዳው ውስጥ የወተፈውን ጨርቅ ነቀለና፣ ውሃ እንዳያፈስ ከአሮጌ የትራክተር ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀለበት ቆርጦ ከመውጫው ሥር አደረገ። መቀመጫው አሁን ቀዳዳው ላይ ልክ ተቀመጠ። የሳጥኑ ጀርባ ደግሞ በእትየ ስመኝ ክፍል በኩል አራት ጣት ወጥቶ፣ በሰው ቤት በመስኮት እንደሚያይ ሰው ብቅ አለ። ዙሪያውን በሲሚንቶ መረገው። እስኪደርቅ ድረስ የግቢያችን ሰው በሙሉ ጎረቤት ሲመላለስ ዋለ፤ ጎረቤቶቻችን እስካሁን ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ያለ ነው።

እሑድ ከሰዓት እናቴ ራሷ ሰባት ሎሚ ይዛ መጣች። አንድ ባንድ ቆጥራ ጣለችና ትልቋን ቁልፍ ተጫነች። የሐጂ ሎሚዎች ሳፋው ላይ ተርፈው ነበር፤ የእኛዎቹ ግን እስከዛሬ አልተመለሱም። እናቴ አልሳቀችም፣ ግን ደግማ ልትጫን ስትል እጇን ያዝኩት። ውሃ የምቆጥረው እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ቀን አምስት ጄሪካን ሄደ። ደንግጬ ስከታተል ጥፋተኛው ለይኩን ሆነ። ሹያና ከቲር የሚለውን ያልሰማ ሰው ስለሆነ፣ አንዷን ተጭኖ ሌላዋን መተው ነውር መስሎት ሁለቱንም በእኩል ይጫናል። ከሰል አነሣሁና በትንሿ በኩል ግድግዳው ላይ አንድ ጠብታ፣ በትልቋ በኩል ሎሚ ሣልኩ። ለይኩን አየው፣ አሰበው፣ ገባው። በማግሥቱ ሁለት ጄሪካን ተኩል። እናቴ ቃሏን አጠፈች እንዳትባል፣ "ሂጅ እንግዲህ" አለችኝ።

ከምሳ በኋላ ፊቴን ታጥቤ እትየ ስመኝ ክፍል ገባሁ። የሽንት ቤቱ ሳጥን ጀርባ ከመኪናዋ አጠገብ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ላዩ ላይ ሳንቃ አድርጋ ክሮቿን ደርድራበታለች። መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ እየሞከረች አንድ ጨርቅ ገፋችልኝ።

"ለአሥር ዓመት ልጅ ቀሚስ ይበቃ እንደሆነ እይልኝ። ሜትሩ ምስማሩ ላይ አለ።"

እኔ ግን እጄ ቀድሞ ጨርቁ ላይ ተዘርግቷል። "ሜትር ምን ያደርጋል እትየ" አልኳት። "አንች የኔን ስንዝር አታውቂውም።"

ከግድግዳው ወዲያ አንዱ ቁልፍ ተጫነና ሳጥኑ ተንጎራጎረ። ክሮቹ ሳንቃው ላይ ተንቀጠቀጡ። እትየ ስመኝ ዓይኗን ከመርፌዋ አላነሣችም።

"እንዴት አላውቀውም" አለች፣ "ግድግዳዬን በስቶ የገባው እሱ አይደል።"