የወዳጅነት ዝንጅብል

ሰው መቀስ ይዞ ሪባን ሲቆርጥ አይተናል፤ ዶማ ሪባን አስሮ ሲመጣ ግን የሀደሮ ሰው ያየው የዚያን ቀን ነው። ዶማው አዲስ፣ እጀታው ቫርኒሽ የተቀባ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን የተጠመጠመበት ነበር። ሐዳሳ ከማሳዋ በር ላይ ሆና ከላይ እስከ ታች አየችውና "ይሄ ሙሽራ ደግሞ ምን ሊቆፍር መጣ?" አለች።

"እንግዶቹ ይተክሉበታል" አላት ሳህሉ፣ ላቡን እየጠረገ። ሳህሉ የአጎቷ ልጅ ነው። ሆሳዕና ቢሮ ገብቶ የውጭ ገበያ ጉዳይ ይሠራል፤ በዚያ ፀሐይ ኮትና ክራባት ግጥም አድርጎ ነበር። "ገዢው ኩባንያ የራሱን የዝንጅብል ዘር ከሕንድ ይዞ መጥቷል። የወዳጅነት ዝንጅብል ብለነዋል። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ፎቶ፣ ከዚያ ፊርማ። አለቀ።"

"የት ነው የሚተከለው?"

"እዚሁ ነዋ! አንቺ ማሳ ላይ።"

የሐዳሳ ደም ፈላ። ለምን እንደፈላ የማያውቅ ሰው የሀደሮን ዝንጅብል አያውቅም ማለት ነው። ድሮ የገበያ ቀን ሲሆን የከተማው አየር ራሱ ዝንጅብል ዝንጅብል ይል ነበር። ልጅ የሚማረው፣ ቤት በቆርቆሮ የሚከደነው በእሱ ነው። ከዚያ አጠውልግ የሚሉት በሽታ መጣ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ግንዱ ዘመመ፣ ሥሩ ሲነቀል እጅ ላይ ይሟሽሽ ጀመር። ሽታው! ያን ሽታ ያሸተተ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ማን እንዳመጣው፣ ከየት እንደገባ የነገራቸው የለም። መሬቱ ዝንጅብል እንቢ አለ፣ ወጣቱም እየተነሳ ደቡብ አፍሪካ ገባ። የሐዳሳ ባል ኤሊያስም አብሮ ሄደ።

እሷ ቀረች። ንጹሕ ዘር ፍለጋ ያልረገጠችው ቀበሌ የለም። ያገኘቻትን እፍኝ ዘር ዝንጅብል ነክቶት በማያውቅ መሬት ላይ ተክላ፣ እንደ አራስ ልጅ ጠብቃ፣ ዓመት ቆጥራ አበዛቻት። ከዚያ ለጎረቤት ሰጠች፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሰጠ፣ ማኅበር ተቋቋመ፣ እሷም ሊቀመንበር ሆነች። ማሳው በር ላይ በረኪና የተጨመረበት ውሃ በሳፋ ይቀመጣል። ጫማውን ሳይነክር የሚገባ የለም፤ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ መጋቢም ቢሆን። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው "በአዲስ ጫማዬ?" ብለው ቢቆጡ፣ "እንግዲያው ከውጭ ሆነው ይመልከቱ" ብላ ወንበር አውጥታላቸዋለች።

አሁን የሕንዱ ኩባንያ ደረቁን ዝንጅብል በየዓመቱ ሊገዛ ነው። ሁለት አገር ተጻጽፎበታል፣ የሕንድ ኤምባሲም የንግድ ሹሟን ልኳል። መልካም። ውሉ ውስጥ ግን "ገበሬው ኩባንያው የሚሰጠውን ዘር ይተክላል" የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ሐዳሳ ሆሳዕና ድረስ ሄዳ "ይህቺ ትውጣ" ብላ ነበር። ሳህሉም "ይታያል" አላት። በቢሮ ቋንቋ "ይታያል" ማለት "ሂጂና እርሺው" ማለት ነው።

በዚያ ላይ ጠዋት ኤሊያስ ከጆሃንስበርግ ደውሎ ነበር። "ፈርሚ፣ የኔ እመቤት። ገበያው ከተከፈተ እዚህ ምን አደርጋለሁ? ትኬቴን እቆርጣለሁ" አላት። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ጠዋት ከባሏ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

መኪኖቹ መጡ። የንግድ ሹሟ ወይዘሮ ሚናክሺ ሳፋውን ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ጫማዋን ነከረች። የኩባንያው ሰው ሚስተር ራጋቭ ግን ሳቀ፣ የሚያብለጨልጭ ጫማውን አየ፣ ዙሪያውን አየ፣ በመጨረሻ እንደ ድመት እየተጠየፈ ነከረ። ከዚያ በወርቃማ ወረቀት የተሸፈነ ሳጥን ከፈተ። ወፋፍራም፣ ቡቃያው ብቅ ብቅ ያለ ዝንጅብል! ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ካሜራው ቀረበ፣ ሰውየው ሳጥኑን ለሐዳሳ ዘረጋላት።

በእኛ አገር ስጦታ መመለስ በእንግዳ ፊት ላይ በር መዝጋት ነው። መትከል ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጉድጓድ መቅበር ሊሆን ይችላል።

"ተቀበዪ እንጂ፣ በጌታ!" አለ ሳህሉ በሹክሹክታ። "አንዲት ፍሬ ናት!"

"ያኔስ በሽታው በስንት ፍሬ የጀመረ ይመስልሃል?"

ሳጥኑን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነች። ከዚያ ወደ ማሳው ሳይሆን ለበዓሉ ወደተጣለው ዳስ ሄደች። እዚያ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ገነቴ ለእንግዶቹ በትልቅ ድስት ሻይ ታፈላ ነበር። "እጠቢና ልጠሽ ጨምሪው" አለቻት በከምባትኛ። "ልጣጩን እሳት ውስጥ። ያጠብሽበትን ውሃ አፍልተሽ ድፊው።"

ገነቴ ጠያቂ አይደለችም። ቢላዋዋን አነሳች።

እንግዶቹም ተከትለዋት ዳሱ ገቡ። ሳህሉ ጭንቅላቱን ያዘ። "ሐዳሳ! ምን እየሠራሽ ነው? አገር እያዋረድሽ ነው እኮ!"

"እንግዳ ያመጣውን ከእንግዳው ጋር መጠጣት መቼ ነው ውርደት የሆነው? ይልቅ ተርጉምልኝ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።" ወደ እንግዶቹ ዞረች። "ስጦታችሁን ወደነዋል፤ ስለዚህ አብረን እንጠጣዋለን። መሬቴ ውስጥ ግን አይገባም። ይህን ሰፈር አንድ ጊዜ በሽታ ባዶ አስቀርቶታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኛ እባቡን ያየን ነን። ዘራችሁ ጥሩ ከሆነ በሕጉ ይግባ፣ ምርምር ጣቢያ ይየው፣ ከዚያ እንነጋገራለን። እስከዚያ የምትገዙት የእኛን ነው።"

ሳህሉ ማለሳለስ ይችላል፤ ሥራው ነው። ግን የእሱም አባት ማሳ ያኔ አብሮ በስብሷል፤ ሽማግሌው በር ላይ ቁጭ ብለው የተበላሸ ዝንጅብል በእጃቸው ሲያገላብጡ አይቷል። አንድም ቃል ሳያስቀር ተረጎመ።

ሚስተር ራጋቭ ፊቱ ተለወጠ። "ያለ እኛ ዘር ጥራቱን ማን ያረጋግጥልኛል? እንዲህ ከሆነ ውሉ ይቅር" አለ።

"ይቅር" አለች ሐዳሳ። ኤሊያስ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ቃሏን ግን አላጠፈችም።

ወይዘሮ ሚናክሺ ወደ ሰውየው ዞራ "ይህ ዝንጅብል የጤንነት ምስክር ወረቀት አለው?" አለችው። ሰውየው ሳጥኑን አየ። "ለሥነ ሥርዓት ብቻ ነው፤ በሻንጣዬ ነው የመጣው" አለ።

"ወደ እኛ አገር በሻንጣ ቢገባ አየር ማረፊያ ላይ ነበር የሚያቃጥሉት" አለች። ውሉን ከሳህሉ እጅ ወሰደችና ያቺን መስመር ጠቆመችው። "ዝንጅብሉን ከፈለግክ ይህቺን ሰርዝ።"

ሰውየው አጉረመረመ፣ አሰላ፣ የቀረበለትን ሻይ ጠጣ። መስመሯን ሰረዘ። ግን "እንግዲያው ጥራቱን እስካይ በግማሽ መጠን እንጀምራለን" አለ። ግማሽ! ከማኅበርተኛው መካከል ያጉረመረመ አልጠፋም። ሐዳሳም ከፋት። ሆኖም ንጹሕ ግማሽ ከታመመ ሙሉ ይሻላል ብላ፣ የታቀደው መጠን ተሰርዞ ግማሹ ሲጻፍ አይታ ፈረመች።

እንግዶቹ ሲወጡ ወይዘሮ ሚናክሺ የማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ቆመች። ለተከላ የተዘጋጀውን ዘር አነሳች፣ አሸተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች። "አንድ ትሰጪኛለሽ? እናቴ በረንዳዋ ላይ ትተክለዋለች" አለች በሳህሉ በኩል።

ሳህሉ "ምን ገዶን!" ሊል ነበር። ሐዳሳ ቀድማው ገባችና በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ሴትዮዋ ፈታችው፤ ስስ ሆኖ የተከተፈ፣ ፀሐይ ላይ የደረቀ ዝንጅብል ነው። ጠበቅ አድርጋ ይዛው ሳቀች።

"ይሄ አይበቅልም፣ አይደል?"

"ይጠጣል" አለች ሐዳሳ። "እናትዎ ይጠጡልኝ። የእናንተ ሳይመረመር አይገባም ካልን፣ የእኛም ሳይመረመር አይወጣም።"

ወይዘሮ ሚናክሺ ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። በሩ ላይ ስትደርስ፣ ማንም ሳያስታውሳት፣ ጫማዋን መልሳ ነከረች። ሪባን ያሰረው ዶማ አጥሩን ተደግፎ እንደቆመ ቀረ።

ማታ ኤሊያስ ደወለ። "ፈረምሽ?"

"ፈረምኩ። በግማሽ ነው።"

"ግማሽ ብቻ? ለግማሽ ብዬ ልምጣ?"

ሐዳሳ እንባዋን ጠረገች። "ዘሩ ቤቱ ነው፣ ኤሊያስ። ከቤት የጎደልከው አንተ ነህ። ና። ስትመጣ ግን በሩ ላይ ጫማህን ትነክራለህ።"