ስህን የቀባቻት ቅቤ

ዑምኩልሱምን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቃል ሸሻት። ነገሩ በሆዷ ሙሉ ነው፤ አፏ ላይ ሲደርስ ግን «እ... እ...» ብቻ ይሆናል። መልስ የማይሰጥ ቤት ደግሞ እንግዳ አይበረክትለትም። መጀመሪያ ጠያቂው ሳሳ፣ ቀጥሎ ስልኩ ዝም አለ፤ ትናንት ደግሞ አብራት ያረጀችው ጎረቤቷ ስህን ጓዟን ጠቅልላ ልጇ ዘንድ ወልዲያ ገባች።

የቀራት የጤና ባለሙያው ዝናው ነው። በየሳምንቱ ከደሴ እሷ ወዳለችበት ሐይቅ ከተማ ይመጣል። በጨው ውሃ የተነከሩ ሁለት ስፖንጆች ጭንቅላቷ ላይ በቀበቶ ያስርና፣ ንግግርን የሚመራውን የአንጎሏን ክፍል የሚቀሰቅስ ደካማ ኤሌክትሪክ በትንሽ ማሽን ይሰጣታል። ከዚያ ቃል ያለማምዳታል። ዛሬ ግን ማሽኑ ገና ሲከፈት ጮኸ፤ ቀይ መብራትም አበራ።

«ደግሞ ምን ነካሽ አንቺ?» አለ ዝናው፣ ማሽኑን ነው። «እማማ፣ ኤሌክትሪኩ መንገድ ተዘጋበት። ካልተስተካከለች ይዣት መመለሴ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ አለ።»

ዑምኩልሱም ማሽኗን በእጇ ያዝ አደረገቻት። ይቺም ከሄደች በምን ልትናገር ነው?

ገመዱን ነቅሎ ሰካው፤ ጮኸች። ስፖንጆቹን እንደገና ነከረ፣ ቀበቶውን ጠበቅ አደረገ፤ ያው ናት። ቢቸግረው ስፖንጆቹን ከገዛ ክንዱ ላይ አሰረ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

«እሷስ ደህና ናት! ጥፋቱ ከእርስዎ ራስ ነው» ብሎ ሳቀና ጸጉሯን ፈልቀቅ አደረገው። ጣቱ ወዝ በወዝ ሆነ። «ወይ ጉድ! ቅቤ! ማን ነው እንዲህ ለቅልቆ የቀባዎት? ኤሌክትሪክና ቅቤ እኮ አይዋደዱም።»

እንዴት ብላ ትንገረው? ትናንት መኪናው እስኪመጣ ስህን ከኋላዋ ተቀምጣ፣ «አንቺ ዝምተኛ፣ እኔ ሳልኖር ራስሽ እንዳይደርቅ!» እያለች፣ በአንድ ዓይኗ እየሳቀች በአንዱ እያለቀሰች ቀባቻት። ከዚያ ወዲህ ዑምኩልሱም ሻሿን የፈታችው አሁን ነው።

«ልጠብዎት። እንደ ልጅዎ ይቁጠሩኝ።»

ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች፣ አልሰጥም እንደማለት። ዝናው ሳፋውን ይዞ ጠበቃት። ቢታጠብ የስህን እጅ አብሮ ሊሄድ ነው፤ ባይታጠብ ቃሉ ሊቀር። በመጨረሻ እጇን አወረደች።

በለብታ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ አጠባት። ቅቤው ሳፋው ላይ እንክብል እንክብል ብሎ ተንሳፈፈ። አደራርቆ ስፖንጆቹን ሲያስር ማሽኑ ጸጥ አለ፤ ራሷን ጉንዳን እንደሄደባት ነዘራት።

«በሉ፣ ‹ውሃ› ይበሉ።»

«እ... እ...»

«አይዞዎት፣ ይመጣል። ማሽኗም ትመጣለች፤ ሳምንት ይዣት እመለሳለሁ።»

ዝናውን የሚወስደው ባጃጅ ከደጅ ጡሩምባውን ነፋ። ማሽኑን ሸክፎ ወጣ። ዑምኩልሱም ጥቂት እንዲቀመጥ ፈልጋ ተከተለችው፤ ከደጃፉ ስትደርስ ግን ባጃጁ ወደ አስፋልቱ ታጥፏል። ቃሉ የመጣው ያኔ ነው።

«ቆይ።»

ከሷ በቀር የሰማ የለም። ተመልሶ እንዳይሸሻት ፈርታ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠችና፣ ለባዶው መንገድ ደጋገመችው።