ከካርኒያ የሚመጣው ምስል

ኒቬስ ቦስኮሎ ቀትር ላይ ከቤቷ አትወጣም። የባሕር ዳር ከተማዋ የኪዮጃ ሰው ይህን ስለሚያውቅ፣ የፈለጋት ወይ ጠዋት ዓሣ ገበያ ይጠብቃታል፣ ወይ ከሰዓት በኋላ ደጇን ያንኳኳል። ቀትር የኤርሜቴ ነው።

ኤርሜቴ ዛኒየር ካርኒያ ተራሮች ላይ፣ ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች በጣት በሚቆጠሩበት መንደር፣ ብቻውን የሚኖር የጣውላ ፋብሪካ ጡረተኛ ነበር። በአካል ተያይተው አያውቁም። ሰዎች ለትርፍ ጊዜ ከቤታቸው በሚነጋገሩበት በአማተር ሬዲዮ ተዋውቀው ለዓመታት በድምፅ ሲጨዋወቱ ኖሩ፤ ከዚያ የጉሮሮ ካንሰር ያዘውና ሐኪሞች ነፍሱን ለማትረፍ ድምፁን ወሰዱበት። ሌላው ቢሆን ሬዲዮውን ሸጦ አርፎ በተቀመጠ። እሱ ግን በሬዲዮ ምስል መላክ ተማረ። የሚለውን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ከሥሩ ድመቱን ወይም የጣሪያውን በረዶ ይስላል፣ ፎቶ አንስቶ ይልከዋል። ሬዲዮዋ ላይ የተሰካው ኮምፒዩተር ምስሉን ይከፍትላታል፣ እሷም በድምፅ ትመልስለታለች። አንድ ቀን የበቆሎ ገንፎዋን፣ ፖሌንታዋን፣ ቶሎ ከሚደርሰው የፓኬት ዱቄት እንደምትሠራ ብታወራው፣ በማግስቱ የመጣው ምስል ላይ ጥቁር የሐዘን ጨርቅ የታሰረበት ድስት ተስሎ ነበር። ለሳምንት ባስታወሰችው ቁጥር ሳቀች።

የምስል መላኪያ ዘዴዎችን በጆሮ በመለየት ኒቬስን የሚያህል ሰው በኪዮጃ የሬዲዮ ክበብ አልነበረም። ዲጂታሉ አዲስ በመጣበት ወቅት ታዲያ፣ የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ እንድታስተምራቸው የክበቡ አባላት ለመኗት። እሷም በቴፕ እያሰማች ለየችላቸው። እንደ ፌንጣ የሚያፏጨው የድሮው ነው፤ ምስሉን መስመር በመስመር ይስላል፤ አየሩ ሲከፋ ይሻክራል፣ ይጣመማል እንጂ መድረሱ አይቀርም። በጋለ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሰርዲን የሚንጫጫው ዲጂታሉ ነው፤ ምስሉን ወደ ቁጥር መንዝሮ በቁርጥራጭ ይልከዋል። ቁርጥራጮቹ ሁሉ ሲሟሉ እንደ መስታወት የጠራ ምስል ይከፈታል። አንዷ ከጎደለች ግን ምንም አይታይም።

ለኤርሜቴ ይኼኛውን መከረችው። ፊደሉ ይጠራል፣ እኔም ዓይኔን አላፈጥም አለችው። ተቀበላት፤ በጥቅምት ወደ ዲጂታሉ ተሻገረ።

በጥር ካንሰሩ ተመለሰበት። በዚያው ወር የወረደው በረዶ አንቴናውን አጎበጠው፤ የሚያስተካክልለትም አልተገኘም። ቀትር ሲሆን ሰርዲኑ ይንጫጫል፣ ግን ከሩቅ፤ ኮምፒዩተሯ ጥቂት ቁራጭ ለቅሞ ይቆማል። የጎደለውን ድገምልኝ ትለዋለች፣ አይሰማትም። በማግስቱ ያንኑ ምስል እንደገና ይልካል።

ቢጨንቃት ስልኩን አንስታ ወደ መንደሩ ቡና ቤት ደወለች። የቡና ቤቱ ባለቤት ኦዲላ የምትባል ሴት ነበረች።

«ደህና ነው ብዬ አልዋሽዎትም፣ ሲኞራ» አለቻት። «አልጋውን ምድጃው አጠገብ አድርገንለታል። ሬዲዮውን ግን ንክች አያደርጉብኝም ብሏል።»

ኒቬስ በድሮው እንዲልክልኝ ንገሪልኝ፣ ቢሻክርም ግድ የለኝም ብላ ለመነቻት። ኦዲላ ሳይመሽ መልሳ ደወለች።

«ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ላንብብልዎት?»

«አንብቢልኝ።»

«‹ይኼኛው መልእክት ተሸራርፎ እንዲደርሳት አልፈልግም። ሙሉውን ታንብበው።› ይኸው ነው።»

«ምኑን ነው የማነበው?»

«እኔም እሱን ጠየቅሁት። ‹አንቺ ወይንሽን ቅጂ› ብሎ ጻፈልኝ።»

«እባክሽ ኦዲላ፣ ሽርፍራፊውም ይበቃኛል በይልኝ።»

«ይኼ ሰውዬ እልኸኛ መሆኑን እኔ ነኝ እንዴ ለእርስዎ የምነግርዎት?»

ልሂድ አለች። መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል፣ አውቶቡስ ከታችኛው ከተማ አያልፍም አሏት። ስለዚህ ቀትር ቀትር ከሬዲዮው ሥር ተቀመጠች። ኮምፒዩተሩ ትናንት የለቀመውን ስለሚይዝ የጎደለው በየቀኑ እያነሰ ሄደ። አንዳንድ ቀን ምንም አይጨመርም፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አየሩ ይራራላታል። በመጨረሻ ጥቂት ቁራጭ ብቻ ቀረ፤ ነገ ይሞላል ብላ ተኛች። በማግስቱ ቀትር ሬዲዮው ዝም አለ። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ከወንበሯ አልተነሳችም። ኦዲላ ስትደውል ምን ልትል እንደሆነ ገብቷት ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ መንደሩ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል። ከኡዲኔ የመጣ የወንድሙ ልጅ ቤቱን ባዶ አድርጎታል። ወረቀቱን ምድጃ ማቀጣጠያ አድርጎታል፤ ኮምፒዩተሩንም ከአሮጌ ዕቃ ጋር ቆሻሻ መጣያ ጥሎታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈልጋ የመጣችው ያንኑ ወረቀት እንደሆነ ሲያውቅ ፊቱ ተለዋወጠ። መጣያው ድረስ በመኪና ወሰዳት። ብረቱ ሁሉ በማሽን ተጨፍልቆ በጥቅል በጥቅል ተደርድሯል። ጥቂት አይታው ተመለሱ።

ኋላ ኪዮጃ ስትመለስ፣ ክበቡ ውስጥ ያለ አንድ መሐንዲስ ኮምፒዩተሯ የለቀመውን በግድ ለመክፈት ብዙ ታገለ፤ አልሆነም። ዲጂታል ነው ብሎ ያስረዳትን ሁሉ ቀድሞም ታውቀዋለች። ክበቡን ያስተማረችው እሷ ናት።

ያን ቀን ከመንደሩ ከመውጣቷ በፊት ቡና ቤቱ ጎራ ብላ፣ ወረቀቱን አይተሽው ነበር ወይ ብላ ኦዲላን ጠየቀቻት። ኦዲላ የምትወለውለውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«አየሁትስ አይቼዋለሁ» አለች፣ «መነጽሬን ግን አልያዝኩም ነበር። ረጅም ጽሑፍ ነው፣ ገጹን ሞልቶታል። ከሥሩ የሆነ ነገር ስሏል።»

«ምን?»

«ጀልባ ይመስለኛል። ወይም ጫማ።»

ኒቬስ ጀልባው እንደ ኪዮጃ ጀልባዎች ሸራ ነበረው ወይ አለቻት። ኦዲላ ዓይኗን ጨፍና ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ። ኒቬስ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ ድረስ ሾፌሩ ካወራት አንዱንም አልሰማችም።