ፔዳሉ ስር የታጠፈው ምንጣፍ

በአባዬ ጋራዥ ውስጥ «ራዲዮ» ነው የሚሉኝ፤ ማንም ሳይከፍተኝ ስለምናገር። ትምህርቱን ቶሎ ብተወውም የመኪና ድምፅ መለየት እችላለሁ፤ እችላለሁ ብዬ ነበር ማለት ይሻላል።

አንድ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ከነሹፌራቸው መጡ። መኪናዋ ማርሽ አላስገባም ብላለች። ሹፌሩ፣ ሽበታቸው ሙሉ የሆነ ሰውዬ፣ የኋላ ማርሽ ለማስገባት ሲሞክሩ ካምቢዮው ጥርሱን አፋጨ። አባዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳለ እኔ ቀደምኩ።

«የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል። እግሩን ከፔዳሉ የማያነሳ ሹፌር ነው እንዲህ የሚጨርሰው። ጋሼ፣ እግርዎን የሚያሳርፉበት አጡ እንዴ?»

ጥግ ላይ ብረት የሚበይደው በያጃችን ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የራሴ ቀልድ ደስ ይለኛል።

ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። «ለካ መኪናዬን ሲጨርሷት ነው የከረሙት» አሏቸው።

«እትዬ፣ እኔ እንዲህ ያለ አመል የለኝም።»

«ልጅቷ ሥራዋ ነው፣ አውቃ ነው የምትናገረው። ቁልፉን እዚሁ ይተዉት። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሹፌር እፈልጋለሁ።» ታክሲ ይዘው ሄዱ።

ሹፌሩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። አባዬ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ማርሹን ሞከረ። ሰተት ብሎ ገባ። ሞተሩን አስነስቶ ሞከረ። አፋጨ።

«ሸራ ሲያልቅ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም» አለ። «ይሄ ሌላ ነው። ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከማርሹ አልለቅም ብሏል። ነይ፣ አጥፍቼዋለሁ፣ እኔ ከስር ልየው፣ አንቺ ፔዳሉን ርገጪ።»

ረገጥኩ።

«እስከ መጨረሻው ርገጪ እንጂ» አለ ከስር።

«ረግጫለሁ አባዬ።»

«አልረገጥሽም። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ክንድ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወፍራም አዲስ ምንጣፍ ፔዳሉ ስር ታጥፏል። ሳብ አድርጌ አውጥቼ ደግሜ ስረግጥ ፔዳሉ ወለሉን ነካ።

«አሁን ለቀቀ» አለ አባዬ።

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ወደ ታች ሳይ፣ ለካ ከታች አባዬ ተኝቷል።

«ምንጣፉን ማን አነጠፈው?» አልኩ።

«እትዬ ናቸው» አሉ ሹፌሩ። «በቀደም ገዝተው። እኔም አልጠረጠርኩትም።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ...»

«እኔን ምን ያደርግልኛል ልጄ? ያባረሩኝ እሳቸው ናቸው።»

አባዬ ከስር ወጥቶ ሴትዮዋ ጋ ደወለና ስልኩን ዘረጋልኝ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በይ ወጥተሽ አውርጂው።»

በያጁ መበየዱን አቁሞ ያየኛል። ሴትዮዋ ስልኩን አነሱ።

«እኔ ነኝ፣ የጋራዡ ልጅ። ሸራው ደህና ነው። ምንጣፍ ነው ፔዳሉን የያዘው። ሳልፈትሽ ነው ያወራሁት።»

«ምንጣፉን የገዛሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«አዎ፣ ግን ሹፌርዎን የወነጀልኩት እኔ ነኝ።»

«እሳቸውን አቅርቢልኝ።»

ሹፌሩ ስልኩን ይዘው ጀርባቸውን ሰጡኝ። «እሺ» ብቻ ሲሉ ሰማሁ። ስልኩን ለእኔ ሳይሆን ለአባዬ መለሱ።

«ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያምጡ ብለውኛል» አሉት።

ምንጣፉን አጣጥፌ ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፣ በሩንም ከፈትኩላቸው። ገቡ፤ አላመሰገኑኝም፣ አልተቆጡኝምም። በሩን ራሳቸው ዘግተው ሄዱ። በያጁ የሚለው ነገር ይኖራል ብዬ ጠበቅኩ። መነጽሩን አድርጎ ሥራውን ቀጠለ።